ሌዮንሃርድ ኦይለር፤ የቁጥር እንቆቅልሽ ፈቺው ሊቅ

በአገራችን ልማድ እንቆቅልሽ ተጠይቆ መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ይህ የልጆች ጨዋታ ይምሰል እንጂ፣ ያልመረመረ ሰው ያለውን እንደሚያጣ፣ መርምሮ ያገኘ ሰው ግን ያልነበረውን እንደሚወርስ የሚያስተምር ነው። የሒሳብ ትምህርትም የራሱ እንቆቅልሾች አሉት። በዛሬው ዘመን ብዙ ተማሪዎች እነዚህን የቁጥር እንቆቅልሾች በኮምፒዩተር ይፈታሉ፤ አንዱ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሌላው በጃቫ፣ ሦስተኛው በሲ እየጻፈ መልሱን ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ ከቋንቋዎቹ የትኛው ይበልጣል የሚል ክርክር በመካከላችን በየጊዜው ይነሣል።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን ይህን ክርክር ከመቀጠል ይልቅ፣ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሞተውን፣ በሕይወቱም መጨረሻ ዐይኑ ሳያይ የቁጥርን ምስጢር ሲፈታ የኖረውን የአንድ ሰው ታሪክ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ማቅረብን መረጥን። ሰውየው ሌዮንሃርድ ኦይለር ይባላል። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ኦይለር በ1707 ኤፕሪል 15 ቀን በስዊዘርላንድ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጳውል ኦይለር የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ፤ እናቱም ማርጋሬታ ብሩከር የቄስ ልጅ ነበረች። ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ በባዝል አጠገብ ወዳለችው ወደ ሪኸን ስለ ተዛወረ ያደገው በዚያ ነው። አባቱ በወጣትነቱ ያኮብ በርኑሊ ከተባለው ከታወቀው የሒሳብ መምህር ዘንድ ተምሮ ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያውን የሒሳብ ትምህርት ለልጁ ራሱ በቤቱ ሰጠው።

ኦይለር 13 ዓመት ሲሆነው፣ በ1720፣ ወደ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ያስተምር የነበረው የያኮብ ታናሽ ወንድም ዮሐን በርኑሊ ነበረ። ዮሐን ሥራ የበዛበት ሰው ስለ ነበረ ልጁን ለብቻው ለማስተማር ፈቃደኛ አልሆነም፤ ነገር ግን ከባድ የሒሳብ መጻሕፍትን ራሱ እንዲያነብ፣ ያልገባውንም ነገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ኦይለርም ቅዳሜ የሚጠይቀው ጥያቄ እንዲያንስ ሳምንቱን ሙሉ አብዝቶ ይደክም ነበረ። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ሰው ታላቅነት የተጀመረው በዚህ ልማዱ ነው፤ መልሱን ከሌላ ሰው ከመቀበሉ በፊት ራሱ ይለፋ ነበረና።

አባቱ እንደ እርሱ ቄስ እንዲሆንለት ስለ ፈለገ ኦይለር የሃይማኖት ትምህርት፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ መማር ጀምሮ ነበረ። ዮሐን በርኑሊ ግን ልጁ ለሒሳብ የተፈጠረ መሆኑን ለአባትየው አስረድቶ ስላግባባው፣ አባት ሐሳቡን ለውጦ ፈቃዱን ሰጠ። ኦይለር የቅስናን ሥራ ይተው እንጂ ሃይማኖቱን አልተወም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አጥብቆ የሚያምን ሰው ሆኖ ኖረ።

በ1727 የፓሪስ አካዳሚ በመርከብ ላይ የሸራ ምሰሶ በየት በየት ቢተከል እንደሚሻል ለሚያስረዳ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ኦይለር ባሕር በሌላት አገር የተወለደ የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ በመላክ ከአንደኛው ቀጥሎ ያለውን ክብር አገኘ። በዚያው ዓመት በመስኮብ አገር በፒተርስቡርግ ከተማ አዲስ ወደ ተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ ተጠርቶ ሄደ። የዮሐን ልጅ ዳንኤል በርኑሊ በዚያ ይሠራ ስለ ነበረ አብረው ሠሩ፤ ዳንኤል በ1733 ወደ አገሩ ሲመለስም የሒሳቡ መንበር ለኦይለር ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ካታሪና ግዜል የምትባለውን የአንድ ሠዓሊ ልጅ አገባ። ከወለዷቸው 13 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት 5 ብቻ ናቸው።

የፈታቸው እንቆቅልሾች

ኦይለር በፒተርስቡርግ ሳለ ከፈታቸው እንቆቅልሾች ሦስቱን ብቻ እንናገራለን፤ ሦስቱም የአእምሮውን መንገድ በግልጥ ያሳያሉና።

የመጀመሪያው የፌርማ ቁጥር የሚባለው ነው። 3ን እንውሰድ፤ ከእርሱ 1 ቀንሰን፣ የቀረውን በራሱ አባዝተን፣ 1 ብንጨምርበት 5 ይሆናል። በ5ም እንዲሁ ብናደርግ 17፣ ከዚያም 257፣ ከዚያም 65,537 እናገኛለን። እነዚህ ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ በምንም ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም። ፌርማ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ከዚህ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ ያምን ነበረ። የሚቀጥለው ቁጥር ግን 4,294,967,297 ስለሆነ የፌርማን ሐሳብ በዚህ ቁጥር ለመመርመር የደፈረ አልተገኘም ነበረ። ኦይለር በ1732 ይህ ቁጥር 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አሳየ፤ የፌርማም ሐሳብ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። አንድ ሰው ከ2 ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ እየወሰደ ቢያካፍል 641ን የሚያገኘው 116ኛው ላይ ነው። ኦይለር ግን በኋላ እንዳስረዳው፣ ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት በማስረጃ አረጋገጠ። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እየተባሉ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በ5ኛው ሙከራ መልሱን ያገኛል። 116 ጊዜ መድከምና 5 ጊዜ መድከም ልዩነታቸው ከእጅ ፍጥነት የመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ ከማሰብ የመጣ ነው እንጂ።

ይህንኑ እንቆቅልሽ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ተማሪ አንድ አስደናቂ ነገር ያጋጥመዋል። በጃቫ ቋንቋ ኢንት የተባለው የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዐይነት 32 የሁለትዮሽ ቤቶች ብቻ ስላሉት፣ 65,536ን በራሱ አባዛ ተብሎ ቢታዘዝ ብዜቱ ከቤቶቹ በላይ ይሆንና 0 ብሎ ይመልሳል፤ 1 ሲጨመርበትም ያ ታላቅ ቁጥር 1 ሆኖ ይቀራል። ኮምፒዩተሩም ስሕተት ደረሰ ብሎ አያስጠነቅቅም። ጸሐፊው ሎንግ የተባለውን ሰፊ ዐይነት ቢመርጥ ግን ትክክለኛውን ያገኛል። በፓይተን ደግሞ ሙሉ ቁጥር እንደ አስፈላጊነቱ ስለሚሰፋ ይህ ችግር አይደርስም። እንግዲህ የመሣሪያን ጠባይ ማወቅ የሚጠቅም መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አካፋዩ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል የሚለውን ዕውቀት ፓይተንም ሆነ ጃቫ ወይም ሲ ከራሱ አይሰጠንም፤ ያን የሚያመጣው ጸሐፊው ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የተወለደበትን ከተማ ስም የያዘው የባዝል ጥያቄ ነው። 1 ሲደመር 1/4፣ ሲደመር 1/9፣ ሲደመር 1/16፣ እንዲህ እየተባለ ያለ መጨረሻ ቢቀጠል ድምሩ ስንት ይሆናል የሚል ነው። ያኮብ በርኑሊን የመሰለ ሊቅ ሞክሮ አልሆነለትም ነበረ። ጥያቄው በጉልበት የሚሸነፍ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ክፍልፋዮች የደመረ ሰው 1.6439 ያገኛል፣ እውነተኛው ግን 1.6449 ስለሆነ ያ ሁሉ ድካም በሦስተኛው የነጥብ ቤት ላይ ስሕተት ትቶበታል። ኦይለር መጀመሪያ ድምሩ በፍጥነት የሚደረስበትን ዘዴ ፈልጎ ብዙ የነጥብ ቤቶችን በትክክል አወጣ። ቀጥሎም በ1735 ድምሩ ፓይ በራሱ ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል ከሚገኘው ጋር ልክ እኩል መሆኑን አሳየ። ፓይ የክብ ዙሪያ ለመካከለኛው ስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ክብ የሚባል ነገር ባልተነሣበት ጥያቄ ውስጥ የክብ ቁጥር ተሰውሮ መገኘቱ የዘመኑን ሊቃውንት እጅግ አስደነቃቸው።

ሦስተኛው የኮኒግስበርግ ድልድዮች ነገር ነው። ይህች ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ትባላለች። ወንዝ የሚከፍላት ስለ ነበረች አራት የየብስ ክፍሎች ነበሯት፤ እነርሱም በ7 ድልድዮች የተያያዙ ነበሩ። አንድ ሰው እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ሁሉንም ሊሻገር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የከተማው ሰዎች ጨዋታ ነበረ። ኦይለር መንገዶቹን አንድ በአንድ ለመሞከር አልተነሣም። አንድ መንገደኛ በአንድ የየብስ ክፍል በኩል ባለፈ ቁጥር በአንድ ድልድይ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ድልድዮች ሁለት ሁለት ሆነው ያልቃሉ፤ ስለዚህ የድልድዮቹ ብዛት ጎዶሎ ሊሆን የሚችለው መነሻውና መድረሻው ላይ ብቻ ነው ብሎ አሰበ። በኮኒግስበርግ ግን አንዱ ክፍል 5፣ ሦስቱ ደግሞ 3 3 ድልድዮች ስለ ነበሯቸው አራቱም ጎዶሎ ሆኑ። እንግዲያው ነገሩ ፈጽሞ አይቻልም ብሎ በ1735 ለአካዳሚው አስረዳ። ከዚህች ትንሽ ጨዋታ ግራፍ የሚባለው የሒሳብ ክፍል ተወለደ፤ ዛሬ ኮምፒዩተሮች ከቦታ ወደ ቦታ አጭሩን መንገድ የሚፈልጉት በዚሁ ትምህርት ነው።

መከራውና ትዕግሥቱ

ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ዋጋ አልተሠራም። በ1735 ኦይለር በብርቱ ትኩሳት ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የቀኝ ዐይኑ ብርሃን ጠፋ። እርሱ ግን አልቦዘነም። በ1741 የፕሩሲያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ወደ በርሊን ስለ ጠሩት ሄዶ 25 ዓመት በዚያ ሠራ። ንጉሡ ቀልድና ፍልስፍና የሚያውቁ የቤተ መንግሥት ሰዎችን ይወዱ ስለ ነበረ፣ ትሑትና ጸጥተኛ የነበረውን ኦይለርን በአንድ ዐይናነቱ ያፌዙበት ነበረ። ኦይለር ለፌዙ መልስ ሳይሰጥ ሥራውን ቀጠለ። በዚሁ ዘመን ለአንዲት የጀርመን ልዕልት ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ፍልስፍና በቀላል ቋንቋ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ኋላ በመጽሐፍ ታትመው በብዙ አገር ተነበቡ።

በ1766 የመስኮብ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን በክብር ስለ ጠሩት ወደ ፒተርስቡርግ ተመለሰ። ወዲያውም የቀረው የግራ ዐይኑ በሞራ ተጋረደ። በ1771 ሐኪም ሞራውን ቢያነሣለት ጥቂት ቀን አየ፤ ነገር ግን ቁስሉ ስላመረቀዘ ብርሃኑ ተመልሶ ጠፋ። በዚያው ዓመት በከተማው በተነሣው ቃጠሎ ቤቱ ነደደ፤ ዕውር የነበረውን ኦይለርን ፔተር ግሪም የሚባል አንድ የአገሩ ልጅ፣ የባዝል ተወላጅ፣ ከእሳቱ አወጣው። የእጅ ጽሑፎቹም ዳኑ። በ1773 ደግሞ ለ39 ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ሞተችበት።

ከእኛ መካከል ማንም ቢሆን እንዲህ ያለ መከራ በላዩ ቢወርድ ብዕሩን አስቀምጦ ቢያርፍ አይወቀስም ነበረ። ኦይለር ግን ከጻፋቸው ሥራዎች ግማሽ ያህሉን የጻፈው ከ1766 በኋላ በነበሩት በ17ቱ ዓመታት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛ፣ ቁጥሩን ሁሉ በአእምሮው ይዞ ማስላት ይችል ነበረ። የሮማዊውን ባለ ቅኔ የቨርጂልን ኤኔይድ የተባለውን ረጅም መጽሐፍ በቃሉ ያውቅ ነበረ ይባላል፤ በቃል የመያዝ ትምህርት በእኛም አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት የኖረ ስለሆነ የዚህን ጥቅም ለወላጆቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። ሁለተኛ፣ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ በትልልቁ ይጽፍ፣ ሐሳቡንም በቃሉ እየተናገረ ያስጽፍ ነበረ። ልጁ ዮሐን አልብሬክት፣ ከባዝል የመጣው ወጣት ኒኮላውስ ፉስና ሌሎችም ይጽፉለት ነበረ። የአልጀብራ መጽሐፉን ያስጻፈው ልብስ ስፌት ብቻ ይማር የነበረ አንድ አገልጋዩን ነው፤ ይህም ሰው ሲጽፍ ሲጽፍ አልጀብራውን ራሱ እንዳወቀው ይነገራል።

በዚሁ በጨለማው ዘመን፣ በ1772፣ ኦይለር 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ቁጥር 31 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው 1 ሲቀነስላቸው የሚገኝ ነው። በቀጥታው መንገድ ከ4,700 በላይ በሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ያስፈልግ ነበረ። እርሱ ግን አካፋይ ሊሆኑ የሚችሉት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ መሆናቸውን ስላወቀ፣ መሞከር የነበረባቸው ብቸኛ ቁጥሮች መቶ እንኳ የማይሞሉ ሆኑ። ይህ ቁጥር ለብዙ አሥራት ዓመታት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ታላቁ ሆኖ ኖረ። ደግሞም ቀደም ብለን ያነሣነው የጃቫው ኢንት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ አንድ ዕውር ሽማግሌ በአእምሮው በመረመረው ቁጥር ውስጥ እየሠራ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ኮምፒዩተር ያረመው ሊቅ

የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ የተሳሳተበትን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ1769 ኦይለር አንድ ግምት ሰጥቶ ነበረ። አንድን ቁጥር 5 ጊዜ ጽፈን ብናባዛው የሚገኘው አምስተኛ ርቢው ይባላል፤ የአንድ ቁጥር አምስተኛ ርቢ የሌሎች ቁጥሮች አምስተኛ ርቢዎች ድምር እንዲሆን ቢያንስ አምስት ተደማሪዎች ያስፈልጋሉ፣ በአራት አይሆንም ብሎ ገመተ፤ ለሌሎቹም ርቢዎች እንዲሁ። ማስረጃ ግን አላቀረበም። ይህ ግምት ለ197 ዓመት ሳይፈርስ ቆየ። በ1966 ላንደርና ፓርኪን የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ አገር ሲዲሲ 6600 በተባለው ኮምፒዩተር ፈልገው የ27፣ የ84፣ የ110ና የ133 አምስተኛ ርቢዎች ሲደመሩ የ144ን አምስተኛ ርቢ እንደሚሰጡ አገኙ። ድምሩ 61,917,364,224 ነው። ይህን ያስታወቁበት ጽሑፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ነበረ።

ታዲያ መኪናው ከሊቁ በለጠ እንበልን? አይደለም። መኪናው የሚፈልገውን ነገር የሰጠው የኦይለር ጥያቄ ነው፤ ያለዚያ ጥያቄ 144ን ከሌላ ቁጥር ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። በሌላ በኩል ደግሞ የሊቅ ስም ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑን መኪናው አስተማረን። ፌርማ ሲሳሳት ኦይለር አረመው፤ ኦይለር ሲሳሳት ኮምፒዩተር የያዙ ሰዎች አረሙት። በሒሳብ አደባባይ የሚፈርደው ማስረጃ ነው፤ ለባለ ስሙም ለስም የለሹም ፍርዱ አንድ ነው። ይህም ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ተስፋ ነው።

ዕረፍቱና ትምህርቱ ለእኛ

በ1783 ሴፕቴምበር 18 ቀን ኦይለር ለልጅ ልጁ ሒሳብ አስተማረ፤ በዚያ ዓመት በፈረንሳይ ስለ ተጀመረው የአየር ፊኛ አወጣጥ አሰላ፤ ከጥቂት ዓመት በፊት ስለ ተገኘችው ዩራኑስ ስለምትባለው ፕላኔት አካሄድም ከባልንጀሮቹ ጋር ተነጋገረ። በዚያው ቀን ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈስሶ በ76 ዓመቱ በፒተርስቡርግ ዐረፈ። የጻፋቸው ሥራዎች ከ800 በላይ ስለሆኑ አካዳሚው ከሞተ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲያትማቸው ኖረ። በስዊዘርላንድ ከ1911 ጀምሮ የታተሙት ሥራዎቹም ከ80 በላይ ቅጾች ሆነዋል።

ኦይለር ብዙ ቋንቋ ያውቅ ነበረ፤ በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጽፏል። ነገር ግን የድልድዮቹ ማስረጃ በላቲን ቢጻፍ በጀርመንኛ እውነትነቱ አንድ ነው። የፕሮግራም ቋንቋም እንዲሁ ነው። አንድ ተማሪ ፓይተን፣ ሌላው ጃቫ፣ ሌላውም ሲ ቢመርጥ እያንዳንዱ የመረጠውን መሣሪያ ጠባይ በሚገባ ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ግን ክርክሩን ትቶ ወደ እንቆቅልሹ ይመለስ። የሚያስከብረን ኮምፒዩተሩን ሺህ ጊዜ ማስደከማችን ሳይሆን፣ ከሺሁ ሙከራ ዘጠኝ መቶው የማያስፈልግ መሆኑን አስቀድመን ማወቃችን ነው።

መምህሮቻችን መልሱን ከመናገራቸው በፊት እንድናስብ ሲያስጨንቁን አንዳንድ ጊዜ እናጉረመርማለን። እነርሱ የሚያደርጉት ግን ዮሐን በርኑሊ በየቅዳሜው ለኦይለር ያደረገውን ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ብርሃን ያለው ዐይን፣ ፈጣን መኪናና ልዩ ልዩ ቋንቋ ተሰጥቶናል። ኦይለር ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ሳያገኝ፣ ሦስተኛውን አጥቶ ያን ያህል ከሠራ፣ እኛ ደግሞ ሁሉን ይዘን ሳናስብ ብንቀር ምክንያት የምናደርገው ነገር አይኖረንም።